የትኛው ሀ?

፩

ተሳስተሻል።

፪

ስክሪኑ ላይ የተጻፈው ይኸው አንድ ቃል ነው። ከቃሉ ሥር መነጽር ያደረገች ጉጉት ተቀምጣ ሰማያዊ እንባ ታነባለች። ከጉጉቷ ሥር ጥያቄው አለ።

የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት የሚማሩበት ቦታ ____________ ይባላል።

እናትነሽ የጻፈችው፦ መዋእለ ህጻናት

ጉጉቷ የምትፈልገው፦ መዋዕለ ሕፃናት

እስቲ ሁለቱንም ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው። ጎረቤት ጥሩና አስነብቡ። ልዩነቱን በጆሮው የለየ ሰው ካገኛችሁ አምጡልኝ፤ ወንበሬን ለቅቄለት እሄዳለሁ።

፫

ደወለችልኝ።

"መምህርት፣ ምን አጥፍቼ ነው?"

"ምንም አላጠፋሽም።"

"ታለቅሳለች እኮ።"

"ማን?"

"ወፏ። ዜሮ ሰጥታኝ ታለቅሳለች። ጥያቄውን አሳስቼ አንብቤው ይሆን ብዬ ደጋግሜ አየሁት። መዋእለ ህጻናት ካልተባለ ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን የት ነው ሳስተምር የኖርኩት?"

ይህን የምጽፈው መልስ ስላጣሁ ነው።

፬

ትርንጎ እባላለሁ። በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ አማርኛ አስተምራለሁ። የኮሌጁን ስም አልጠራም፤ ከጠራሁ በየትኛው ፊደል ልጻፈው የሚል ሌላ ጣጣ ይመጣል። ኮሌጃችን በየገጠሩ ያሉ የትንንሽ ልጆች መምህራን ሥራቸውን ሳይለቁ በስልካቸው የሚማሩት ኮርስ አለው። የኮርሱን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ጥያቄዎቹንም ያወጣሁት እኔው። ከእያንዳንዱ ባዶ ቦታ አጠገብ በቀይ "ማንኛውም የተለመደ አጻጻፍ ይያዝ" ብዬ ጽፌያለሁ።

ሶፍትዌሩ ቀይ አይገባውም።

(ሕፃን የሚለውን ቃል እዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ፊደል ታገኙታላችሁ። አውቄ ነው። የከፋው ሰው ከጉጉቷ አጠገብ ተቀምጦ ያልቅስ።)

፭

ከዚህ በኋላ የምለውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን አትርሱብኝ።

እናትነሽ ጎበና ሾላ ሜዳ በሚባል ቀበሌ ሕፃናት ታስተምራለች። ወረዳው "ሰርተፊኬት የሌላት ከክፍል ትውጣ" ብሎ ደብዳቤ በትኗል። ይህን ፈተና ካላለፈች ክፍሏን ትለቃለች። አትባረርም፤ የሚመጣው ከመባረር ይብሳል። እዚያው ግቢ መጥረጊያ ይሰጧታል። ፊደል ያስቆጠረቻቸው ልጆች እያዩዋት ግቢውን ትጠርጋለች፤ ሰሌዳዋ ላይ ሌላ ሰው ይጽፋል። ውጤቱን ዓርብ ከሰዓት ለወረዳው የሚልከው ሲስተሙ ራሱ ነው። እኛ ልናስቀረው አንችልም።

ምርጫዎቹን በሙሉ አግኝታለች። እውነት ሐሰቱንም ነቅንቃዋለች። የወደቀችው ባዶ ቦታ ሙላው ላይ ነው። ዕድሜን በአልፋው እ ጽፋ ዜሮ። ሥዕልን በእሳቱ ስ ጽፋ ዜሮ። ንጽሕናን በሃሌታው ህ ጽፋ ዜሮ።

ሌሎቹ እንዴት አለፉ? ልንገራችሁ። መጀመሪያ የወደቁት የጉጉቷን መልሶች ፎቶ አንስተው ቴሌግራም ላይ ለቀቁት፤ የቀሩት እያዩ ገለበጡ። ጉጉቷ አጨበጨበችላቸው። እናትነሽም ግሩፑ ውስጥ አለች። ፎቶው ስልኳ ላይ ገብቷል፤ አልከፈተችውም።

"ልጆቹን አትኮራረጁ እያልኩ እኔ ልኮርጅ?" አለችኝ።

እርር ድብን አልኩ። ሐቀኛ ሰው አንዳንዴ ከሌባ በላይ ያናድዳል።

፮

አሁን ወደ ኋላ እንመለስ። ሰው ሲናደድ ከመሀል ይጀምራል፤ እኔም ከመሀል ጀምሬያለሁ።

ኮርሱን የምንሠራበት ሶፍትዌር ይመረጥ ተባለና ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ምክትል ዲናችን ዶክተር ልሳነወርቅ ናቸው። ጸሐፊው የኮምፒውተር ክፍሉ ደርሶልኝ ነው፤ ደግ ልጅ ነው፣ ችኩል ነው። ሦስተኛዋ እኔ።

ሦስት ሶፍትዌር ቀረበ። ዶክተር ልሳነወርቅ ጉሮሯቸውን ጠርገው "ለፍትሐዊነት ሲባል የኩባንያዎቹ ስም ይሸፈን" አሉ። ተሸፈነ። በስማቸው ፋንታ ፊደል ተሰጣቸው።

ሀ
ለ
ሐ

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ቁሙልኝ። ደግማችሁ እዩዋቸው።

በዓይን ሦስት ናቸው።

በጆሮ ሁለት።

፯

ስለ ሦስቱ የማስታውሰው፦

ሀ ታምራለች። ቀለም በቀለም ናት። ጉጉት አለቻት፤ ስታገኙ ታጨበጭባለች፣ ስትስቱ ታለቅሳለች። መፈክሯ "አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ" ይላል። ሊያሳየን የመጣውን የሻጩን ልጅ "ለምን ጉጉት?" ብዬ ጠየቅኩት። "የመማር ጉጉት ለማለት ነው" አለኝ። "እሷ ጉጉት እኮ ልብ ውስጥ ያለችው ናት፤ ይቺ ጣሪያ ላይ ስትጮህ 'ማን ሊሞት ይሆን' የምንባባልባት ናት" አልኩት። ሳቀ። ድንቄም ሳቅ!

ለ ኢንተርኔት ካልጠገበ አይነሳም። እኛ ጋ ደግሞ ኢንተርኔቱ ራሱ ጦም አዳሪ ነው።

ሐ መልኩ አያምርም። ግራጫ ነው፣ አያጨበጭብም፣ አያለቅስም። ግን ኔትወርክ ሲጠፋ የሠሩትን ይዞ ይጠብቃል። ለአንድ ጥያቄ የፈለጋችሁትን ያህል መልስ ይቀበላል። ተፈታኟን በደለ ብላችሁ ካመናችሁም መምህሩ በእጁ ገብቶ የሚያርምበት ቦታ አለው።

ኮሚቴው ፊት ሁለቱን ፈተንኳቸው። "ፀሐይ" ብዬ ትክክለኛውን መልስ አስገባሁና ተማሪ መስዬ "ጸሀይ" ብዬ ጻፍኩ። ጉጉቷ አለቀሰች። ግራጫው ግን ለካ ገና መልሱን ሳስገባ "ሌላ አጻጻፍ ይጨመር?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ዶክተር ልሳነወርቅ መጀመሪያ ዓይናቸው ጉጉቷ ላይ ነበር። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና! በኋላ ግን አመኑልኝ፤ መቼም የሰው እውነት አይካድም። "ትርንጎ ያለችው አሳማኝ ነው። የኛ ፊደል ጠባይ አለው፤ ጠባዩን የሚችል ይገዛ" አሉ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በጆሮዬ።

፰

የድምፅ ቅጂ፣ ከስልኬ። የኮሚቴው የመጨረሻ ስብሰባ። መብራት የለም። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል።

ዶ/ር ልሳነወርቅ፦ እሺ፣ ድምፅ እንስጥ። መምህርት ትርንጎ?

እኔ፦ ሐመሩ ሐ።

ዶ/ር ልሳነወርቅ፦ ደርሶልኝስ?

ደርሶልኝ፦ (   )።

ዶ/ር ልሳነወርቅ፦ እኔም (   )። በሙሉ ድምፅ አለፈ። ደርሶልኝ፣ ያዝ።

ደርሶልኝ፦ ይዣለሁ ዶክተር።

(ዝናብ። ወንበር ሲጎተት። የኔ ሳቅ። ደስ ብሎኝ ነበር።)

፱

ቅንፎቹን ባዶ የተውኳቸው ላስጌጥ ብዬ አይደለም። ቸግሮኝ ነው። ከስልኬ የሚወጣው አንድ ድምፅ ነው፤ አፍ ይከፈታል፣ ትንፋሽ ይወጣል፣ አለቀ። በየትኛው ፊደል ልያዘው? አንዱን በጻፍኩ ቁጥር ፈረድኩ ማለት ነው። ደርሶልኝ ግን አላመነታም። ቃለ ጉባኤውን እዚያው በስልኩ ጻፈ። በስልክ ስትጽፉ ታውቁታላችሁ፤ የምትነኳት ቁልፍ ቀድማ የምታመጣው ሃሌታውን ነው። ሐመሩን ለማግኘት ጣት ትንሽ መቆየት አለባት።

የደርሶልኝ ጣት አልቆየችም።

፲

"ኮሚቴው ሦስቱን ሶፍትዌሮች በጥልቀት ከመረመረ በኋላ ሶፍትዌር ሀ እንዲገዛ በሙሉ ድምፅ ወስኗል።"

ፊርማ። ማኅተም። የዶክተር ልሳነወርቅ ፊርማ ትልቅ ነው፤ ግማሽ ገጽ ይይዛል።

ግዢ ክፍል ያየውን ገዛ። ምን ያድርግ? እሱ ዝናብ ውስጥ አልነበረም።

፲፩

ሀ።

፲፪

ጉጉቷ ስትመጣ ደርሶልኝ "ውይ! ውይ እትዬ!" አለና ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። ተያይዘን ዶክተር ልሳነወርቅ ቢሮ ሄድን።

"ይመለስ" አልኳቸው።

"አንዴ ተገዝቷል።"

"ያልመረጥነው ነው የተገዛው።"

"ትርንጎ፣ ኦዲተር መጥቶ 'ለምን ተቀየረ' ቢለኝ ምን እለዋለሁ?"

"እውነቱን።"

"ሀን ከሐ መለየት አቅቶን ነው ልበለው? የመምህራን ኮሌጅ ሆነን?" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ደግሞ አሁን ምን ችግር አለው? ቆንጆ ሶፍትዌር ነው። ልጆቹ ወደውታል።"

"የትኞቹ ልጆች?"

"የኔ ልጆች። ቤት አሳየኋቸው። ወፏን ወደዷት።"

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል። ወጣሁ።

፲፫

(ይህ ቁጥር ባዶ ነው። ጽፌው ነበር። ሳነበው ስድብ ብቻ ሆኖ አገኘሁትና ሰረዝኩት። አሁን ይቆጨኛል።)

፲፬

ወደ እናትነሽ ተመለስን።

የደወለችልኝ ዕለት ደርሶልኝ ጋ ሮጥኩ። "በእጅህ ግባና አርምላት።"

"የሚገባበት የለውም እትዬ። ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ።"

"መልሱን ቀይረው። የሷን አጻጻፍ ትክክል አድርገው።"

"እሱን ከቀየርኩ ደግሞ ሌሎቹ ሁሉ ይወድቃሉ። አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ ነው።"

ሻጮቹ ጋ ደወልን። አንዲት ትሕትና የተሞላች ልጅ አነሳች። "ሲስተማችን ትክክል ነው እናቴ፤ ተፈታኟ ናት የተሳሳተችው" አለችኝ። እናቴ! እንደዚያ ስትለኝ ይበልጥ ደሜ ፈላ።

ላስረዳት ሞከርኩ። እነዚህ ፊደላት ድሮ ድሮ በየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ በግዕዝ ትርጉም ይለያሉ፤ አማርኛችን ግን ድምፃቸውን አንድ አድርጎታል፤ ፊደሉ ቀርቶልናል፣ ድምፁ ሄዷል። እኔ እወዳቸዋለሁ። ተማሪዎቼንም ከየት እንደመጡ አስተምራለሁ። ግን በነሱ ሰበብ ሰው እንጀራው አይቆረጥም አልኳት።

"ይገባኛል እናቴ" አለችና የእርካታ መጠይቅ ላከችልኝ። አንድ ኮከብ ስሰጥ ጉጉቷ አለቀሰች።

፲፭

መመሪያ፦

አንድ። ኮሌጃችን በር ላይ ቁሙና ዘበኛውን ሰላም በሉት።

ሁለት። ቀና ብላችሁ የኛን ክፍል ሰሌዳ አንብቡ። "የመዋእለ ሕጻናት መምህራን ሥልጠና ክፍል"።

ሦስት። ወረዳው የበተነውን ደብዳቤ አውጡ፤ ያንን "ከክፍል ትውጣ" የሚለውን። "በመዋዕለ ህፃናት የምታስተምሩ ሁሉ" ብሎ ይጀምራል።

አራት። እናትነሽ የላከችልኝን ፎቶ ተመልከቱ። የሾላ ሜዳ ትምህርት ቤት በር ነው። ቆርቆሮ በር፣ አረንጓዴ ቀለም፣ በነጭ ደግሞ "የሾላ ሜዳ መዋእለ ህጻናት"። ያጻፈው ራሱ ወረዳው ነው። የጻፈችው ከበሩ ላይ የለመደችውን ነው። በየቀኑ የምትገባበትን በር።

አምስት። አሁን እነዚህን ቁጠሩ።

መዋዕለ ሕፃናት
መዋዕለ ሕጻናት
መዋዕለ ህፃናት
መዋዕለ ህጻናት
መዋዕለ ኅፃናት
መዋዕለ ኅጻናት
መዋእለ ሕፃናት
መዋእለ ሕጻናት
መዋእለ ህፃናት
መዋእለ ህጻናት
መዋእለ ኅፃናት
መዋእለ ኅጻናት

ስድስት። በየትኛውም ብትጽፉት ጠዋት ልጃችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ እናትነሽ በሩ ላይ ቆማ ንፍጡን ጠርጋ ትቀበለዋለች።

ሰባት። ተቆጡ። እኔ ብቻዬን ደከመኝ።

፲፮

ረቡዕ ዕለት ዶክተር ልሳነወርቅ ቢሮ ገባሁ። ሳልቀመጥ ስልኬን ከፈትኩና ጥያቄውን ፊታቸው አደረግኩት።

"ይፈተኑ" አልኳቸው።

"ምን መሆንሽ ነው?"

"በሞቴ ይጻፉልኝ።"

ይወድቃሉ ብዬ ነበር የሄድኩት። ጉጉቷ ስታለቅስባቸው ማየት ፈልጌ ነበር። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጣታቸውን ቁልፉ ላይ አቆዩት፣ ቀስ ብለው ጻፉ። መዋዕለ ሕፃናት። ጉጉቷ ብድግ ብላ አጨበጨበች። እሳቸውም ፈገግ አሉ።

"የቄስ ልጅ ነኝ እኮ። ሐመሩን ከሃሌታው በአለንጋ ነው የለየሁት።"

ቅጥል አልኩ። ቃለ ጉባኤውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ፊታቸው ዘረጋሁት። ከዚያ የሚባለው ራሱ መጣ።

"ጥሩ። ሐመሩን ከሃሌታው ይለያሉ ማለት ነው።"

"እንዴታ!"

"ይሄ ቃለ ጉባኤ ላይ ያለው ፊርማ የማን ነው?"

"የኔ ነው፤ ምነው?"

"ከፊርማዎ በላይ ያለው ፊደል የቱ ነው?"

ወረቀቱን ገልብጠው አስቀመጡት።

"እርስዎ ድምፅ የሰጡትስ ለየቱ ነበር?"

"ለሐመሩ ነዋ። ታውቂያለሽ። እሱ እኮ የፊደል ግድፈት ነው ትርንጎ። ድምፁ አንድ ነው፣ ሐሳቡ ይታወቃል፣ በዚህች ምክንያት ሥራ አይቆምም።"

"ድምፁ አንድ ነው?"

"አዎ፣ ድምፁ..."

"ሐሳቡ ይታወቃል?"

እዚህ ላይ ገባቸው። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ።

"እንግዲያው ይምረጡ" አልኳቸው። "ፊደሉ ለውጥ ካለው ግዢው ውድቅ ነው፣ ጉጉቷን ይመልሱ። ለውጥ ከሌለው ደግሞ እናትነሽ አልፋለች፣ ይፈርሙላት። የእርስዎ ሲሆን ግድፈት፣ የሷ ሲሆን ውድቀት ማለት አይቻልም።"

ዶክተር ልሳነወርቅ መስኮቱን አዩ። መስኮቱ ውስጥ ምንም የለም፤ የመኪና ማቆሚያ ነው።

"በጽሑፍ አቅርቢው" አሉኝ።

፲፯

በጽሑፍ አቀረብኩ። ሐሙስ ከሰዓት መልስ መጣ።

"ለሠልጣኝ እናትነሽ ጎበና። በመዋእለ ህጻናት መምህርነት ሥልጠና ፈተና ላይ የፈጸሙት ስህተት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ኮሌጁ በምህረት ዓርብ ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻ ድጋሚ እንዲፈተኑ ፈቅዷል።"

መዋእለ ህጻናት።

አያችሁት? በእናትነሽ ፊደል! የተጻፈው በእሷው ፊደል ነው፣ ከሥሩ ያ ግማሽ ገጽ የሚይዝ ፊርማ አለበት። ጸሐፊያቸው እንደመጣላት ጻፈችው፣ እሳቸው ሳያነቡ ፈረሙ፤ እንደለመዱት።

ደግሞ "በምህረት"! ምሕረት ላጠፋ ሰው ነው። እሷ ምን አጠፋች?

፲፰

ያንኑ ዕለት ደወልኩላት።

"እናትነሽ፣ የፈቀዱልሽ አንድ ጊዜ ነው። ነገ ጠዋት ጉጉቷ የምትፈልገውን ጻፊ፤ ባለፈው አሳይታሻለች። ዓይኑን ዕ፣ ሐመሩን ሕ፣ ፀሐዩን ፃ። ሌሎቹንም አንድ በአንድ እነግርሻለሁ።"

"አውቄዋለሁ መምህርት። አልጠፋኝም።"

"ታዲያ?"

"በሩስ?"

"የምን በር?"

"የኛ በር። ልጆቹ ማንበብ የጀመሩት ከበሩ ነው። ጠዋት ጠዋት አሰልፋቸዋለሁ፣ በእንጨት እየነካሁ አንድ በአንድ እየጮኹ ያነቡታል፣ ከዚያ ነው የምንገባው። እኔ 'ይሄ ስህተት ነው' ብዬ ከፈረምኩ ሰኞ ምን ብዬ ላስነብባቸው?"

"ፈተና ነው እኮ! ለፈተናው ብቻ ጻፊ፣ በሩን ተዪው።"

"እሱማ ኩረጃውም ለፈተና ብቻ ነበር" አለችና ሳቀች። "ወይስ ቀለም ቀቢ ልጥራ?"

"ጥሪ! እኔ እከፍላለሁ!"

"ቀለም ቀቢው 'የትኛውን ሀ ላድርገው' ቢለኝስ?"

እዚህ ላይ ጮህኩባት። እግዜር ይይልኝ፣ በዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ ጥፋት የሌለባት እሷ ብቻ ናት፣ የጮህኩት ግን በእሷ ላይ ነው። "መጥረጊያ ነው የሚሰጡሽ! ሰምተሻል? መጥረጊያ! ለአንድ ፊደል ብለሽ! ጻፊው በቃ!"

"እሺ መምህርት" አለችኝ።

የኛን "እሺ" ታውቁታላችሁ። አዎም እሺ ነው፣ አይሆንምም እሺ ነው፣ ተይኝም እሺ ነው።

፲፱

ዓርብ ጠዋት። ደርሶልኝ ክፍል ነን። እሱ ኮምፒውተሩ ላይ፣ እኔ ስልኬ ላይ። ሲስተሙ ተፈታኝ የምትጽፈውን ፊደል በፊደል ያሳያል፤ ጉጉቷ ካላት ነገር የወደድኩት ይህን ብቻ ነው። እናትነሽ ስልኳን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣዋለች፤ ፈተናውን የምትሠራው በርእሰ መምህሯ ታብሌት ነው። ልጆቹ ሲንጫጩ ይሰማኛል።

"አስወጪያቸው እንጂ" አልኳት።

"እምቢ አሉ። ምን እንደምጽፍ ካላነበብን ብለው ከበውኛል።"

ሌሎቹ ጥያቄዎች አለፉ። ዕድሜን እንዴት እንደጻፈችው አየሁ፤ አልነግራችሁም። ደርሶልኝ ጥፍሩን ይበላል። የመጨረሻው ጥያቄ መጣ።

ስክሪኑ ላይ መ ወጣች።

ከስልኩ ውስጥ ልጆቹ በአንድ ድምፅ "መ!" አሉ።

ስክሪኑ ላይ ዋ ወጣች።

"ዋ!"

መዋ። እስከዚህ አሥራ ሁለቱም አንድ ናቸው። ከዚህ በኋላ ነው መንገዱ የሚለየው። ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች። እናትነሽ ትተነፍሳለች፤ ይሰማኛል። ጣቷ ቁልፉ ላይ ትቆይ፣ አትቆይ አላውቅም።

መብራት ጠፋ።

ኮምፒውተሩ ጥቁር ሆነ። ደርሶልኝ ጠረጴዛውን በጡጫ መታ። ሾላ ሜዳ ግን ታብሌቱ በባትሪ ነው፤ ስልኩም አልተቋረጠም።

፳

የቀረውን በጆሮዬ ሰማሁ። ሁሉንም ሰማሁ፣ አንድም አላመለጠኝም። ልጆቹ እያንዳንዷን ፊደል እንደ ጠዋቱ ጮኸው አነበቡ። አሁን ልጽፍላችሁ ተቀምጫለሁ፣ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ።

እናንተ ሙሉልኝ። ግን ቶሎ አትሙሉ። መጀመሪያ በሩን አስቡ፣ ቀጥሎ መጥረጊያውን አስቡ።

"መ!"

"ዋ!"

"      !"

"ለ!"

"      !"

"      !"

"ና!"

"ት!"